መልካና ድልድይ፤ በጅባትና ሜጫ አገር የመፀው ወራት ዘመድ ጥየቃ ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ቡራዩን፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ ይደርሳል፤ ከዚያም በጉደርና በጌዶ በኩል ወደ ባኮ ይቀጥላል። ከጊንጪ ወዲያ ያለው አገር በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን የጅባትና ሜጫ አውራጃ ይባል ነበር፤ ዋና ከተማውም አምቦ ነበረች፤ በዚያ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ዛሬ አገሩ በምዕራብ ሸዋ ዞን ውስጥ ይገኛል። ከዋናው መንገድ በስተደቡብ የጅባት ተራራና ጥቅጥቅ ያለው ደኑ፣ በአቅራቢያውም የወረዳው ከተማ ሸነን ይገኛሉ።

በዚህ አገር ከመስቀል በዓል ጀምሮ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ጊዜ የዘመድ መጠያየቂያ ወራት ነው። ያገባች ሴት ልጅ ወደ አባቷ ቤት ትመጣለች፤ አማች አማቱን ይጠይቃል፤ በከተማ የሚኖር ልጅ ወደ ተወለደበት መንደር ይመለሳል፤ በክረምት የሞተ ሰው ካለ ልቅሶ ይደረስለታል፤ የተወለደ ሕፃን ካለ ይጐበኛል። ይህን ሁሉ ብዙ ሰዎች የእንቁጣጣሽና የመስቀል፣ የእሬቻና የኅዳር ጽዮን በዓላት ተከታይ አድርገው ይቈጥሩታል። ነገሩን ከመሠረቱ ለሚመረምር ግን የወራቱ ሥርዓት ከበዓላቱ ይልቅ ለወንዙና ለመንገዱ ቅርብ ሆኖ ይታያል። ወንዙ ሲሞላ ዘመድ ከዘመድ ይለያያል፤ ሲጐድል ይገናኛል፤ በዓሉም ይህን መገናኘት ያከብረዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚታየው፣ የጥየቃው ሥርዓት ከምን እንደ ተነሣ፣ ድልድይና መኪና ከመጡ በኋላ እንዴት እንደ ተለወጠ፣ በመጨረሻም መንገዱ በሌላ ምክንያት ሲዘጋ ምን እንደ ደረሰበት ነው።

፩. ስለ ወራቱ ስም

በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ክፍል ይከፈላል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። በከተማ ሰው አነጋገር የመስከረምን ወር ጸደይ ማለት ተለምዷል፤ በሊቃውንቱ ዘንድ ግን የአበባው ወራት መፀው እንጂ ጸደይ አይደለም። በኦሮምኛ ይኸው ወራት ብራ ይባላል። በዐማርኛም ብራ የሚለው ቃል ደመና የሌለበትን ጥርት ያለ ሰማይ ያመለክታልና ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ ቃል እንደ ተገናኙ ልብ ማለት ይገባል።

የዐማርኛ የሰላምታ ቃላትም ስለዚህ ነገር ይመሰክራሉ። ብዙ ቀን ሳይተያዩ የቈዩ ሰዎች ሲገናኙ «እንደምን ከረማችሁ» ይባባላሉ። ከረመ የሚለው ግሥና ክረምት የሚለው ስም ከአንድ የግዕዝ ሥር የወጡ ናቸው፤ ስለዚህም ሰላምታው በመነሻው «ክረምቱን እንደምን አሳለፋችሁት» እንደ ማለት ነው። ዛሬ ይህ ሰላምታ በማንኛውም ወር ይነገራል፤ በመነሻው ግን ከረጅም ጊዜ በኋላ መገናኘትንና ከክረምት በኋላ መገናኘትን አንድ ነገር አድርጎ የሚያይ ሕዝብ ያወጣው ቃል መሆኑ ግልጥ ነው። እንዲሁም በዘመን መለወጫ «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ» ይባላል። መሻገር የወንዝ ቃል ነው። ዓመቱም እንደ ሞላ ወንዝ ሆኖ ታይቷል፤ በዚህኛው ዳር የቆመ ሰው በወዲያኛው ዳር ከቆመው ጋር የሚገናኘው ሲሻገር ነው።

በኦሮምኛ መልካ የሚባለው የወንዝ መሻገሪያ ነው። ይህ ቃል በአዋሽ ዳር እንዳለው መልካ ቁንጥሬ በብዙ የቦታ ስም ውስጥ ይገኛል። መልካ ሰው፣ ከብትና ገበያተኛ የሚያልፉበት፣ ውሃ የሚቀዳበት፣ እረኞች የሚገናኙበት ስፍራ ነው። ከዚህም በላይ የጸሎትና የምስጋና ቦታ ነው። በእሬቻ ሥርዓት ሕዝቡ ርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ሣሩን በውሃው ነክሮ ጨለማውን ክረምት አሳልፎ ወደ ብርሃኑ ወራት ያደረሰውን ዋቃን ያመሰግናል። በመፀው የሚደረገው እሬቻ በመልካ ሲሆን፣ በበጋ ዝናም ለመለመን የሚደረገው በተራራ ላይ ነው። የክረምት ማብቂያ ምስጋና በመሻገሪያው ላይ መደረጉ ከወራቱ ሥራ ጋር የተስማማ ነው፤ ሽማግሎችም ሥርዓቱን ሲያስረዱ በክረምት በወንዝ ሙላት ተለያይተው የከረሙ ዘመዶች የሚገናኙበት ቀን መሆኑን ይናገራሉ።

፪. ወንዝና ጋብቻ

ከጅባት፣ ከወንጪና ከደንዲ ከፍታዎች የሚወርዱት ውሃዎች ወደ ሦስት አቅጣጫ ይለያያሉ። በአምቦ ከተማ የሚያልፈው ሁሉቃ ከጉደር ጋር ተገናኝቶ ወደ ሰሜን ወደ ዓባይ ይወርዳል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ከፍታ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። እንደ ዋልጋ ያሉት ደግሞ ወደ ደቡብ ወርደው ከኦሞ ውሃ ጋር ይቀላቀላሉ። ስለዚህ አገሩ የውሃ ራስ ነው። ወንዞቹ በበጋ በእግር የሚታለፉ ናቸው፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ድንገት ሞልተው በቅሎንና ፈረስን ጭምር ይወስዳሉ። በጊንጪ ዙሪያ ያለው መረሬ አፈርም በዝናም ጊዜ ጭቃው እግር ይዞ አያስኬድም። በዚህ ምክንያት ድልድይ ባልነበረበት ዘመን በክረምት ሩቅ መንገድ የሚሄድ አልነበረም፤ የነገሥታቱ ሠራዊት እንኳ ክረምቱን በአንድ ስፍራ ያሳልፍ ነበር። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ተረት በዚህ ጊዜ ሙሉ እውነት ነው። ምጥ የያዛት ሴት፣ የታመመ ሰው፣ ከብቱ የጠፋበት ገበሬ የሚረዳው ከዚያው ከወንዙ ወዲህ ባለው ሰው ብቻ ነበር።

የወንዝ ሙላት ብቻውን ግን የዘመድ ናፍቆትን አያመጣም። ዘመድ ሁሉ በአንድ ዳር ቢኖር ወንዙ ማንንም አይለይም ነበር። ዘመድን በሁለት ዳር ያስቀመጠው የጋብቻ ሕግ ነው። በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ ሰው ከጎሳው አያገባም፤ በሸዋ ክርስቲያን ባላገር ዘንድም እስከ ሰባት ቤት ዘመድ ከሆነ ጋብቻ ነውር ነው። አባትና ልጆች፣ ወንድማማቾችና ያጎት ልጆች በአንድ ቀበሌ ተጐራብተው በሚኖሩበት አገር፣ ከጎሳ ውጭ ማግባት ማለት ብዙ ጊዜ ከወንዝ ማዶ ማግባት ማለት ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ቤት ወዲያ ማዶ የሄደች ልጅና ከወዲያ ማዶ የመጣች ምራት አለችው። ወንዶቹ ከአባታቸው መሬት አይለቁም፤ የሚሻገሩት ሴቶቹ ናቸው። የመፀው ጥየቃ ታሪክ በመጀመሪያ የሴቶች ታሪክ የሚሆነው ስለዚህ ነው። ሦስትና አራት ወር ሙሉ እናቷን ሳታይ የከረመች ሴት ልጅ ወንዙ ሲጐድል የምትወጣው መንገድ የወራቱ ሁሉ መነሻ ነው።

ዝምድናውም በደምና በጋብቻ ብቻ አይወሰንም። ጉዲፈቻ ዛሬ በዐማርኛም የታወቀ ቃል ሆኗል፤ በኦሮሞ ሕግ የጉዲፈቻ ልጅ ከአብራክ ልጅ ሳይለይ ይወርሳል፣ ይቈጠራል። ሞጋሳ በሚባለው ሥርዓት ደግሞ ከውጭ የመጣ ሰው ወይም ወገን ሁሉ ወደ ጎሳ ይገባል። በክርስቲያኖቹ በኩል ክርስትና በማንሣት የሚመጣው አበልጅነት አለ። እነዚህ ሁሉ ጥየቃ የሚገባቸው ዝምድናዎች ናቸው። ስለዚህም በአንድ ቤት ደጅ የሚመጣው እንግዳ በቋንቋና በጎሳ ከባለቤቱ የተለየ ሊሆን ይችላል። በአምቦና በአካባቢው ከተሞች ኦሮሞው፣ ዐማራውና ጉራጌው ተጋብተውና አበልጅ ሆነው መኖራቸው የወራቱን ጥየቃ የአንድ ወገን ልማድ ብቻ አላደረገውም።

፫. የጥየቃው ሥርዓት

የጊዜው መመረጥ ሌላም ምክንያት አለው፤ እርሱም የጎተራው ነገር ነው። በነሐሴ ያለፈው ዓመት እህል ያልቃል፤ አዲሱም ገና አልደረሰም። በዚህ ወር እንግዳ መቀበል ለባለቤቱ ችግር፣ እንግዳ መሆንም ለሚመጣው ኀፍረት ነው። ከመስከረም በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። የበቆሎና የባቄላ እሸት ይደርሳል፤ ሣሩ ስለ ለመለመ ላሞች ወተት ይሰጣሉ፤ ቅቤ ይበዛል፤ ከአደይ አበባና ከሌላውም አበባ የተሠራው ማር በጥቅምትና በኅዳር ይቈረጣል። ጤፍ የሚታጨደው ከዚያ በኋላ ነውና በዝናሙ ማብቂያና በመኸሩ መካከል ገበሬው ጥቂት የዕረፍት ሳምንታት ያገኛል። ወንዝ የጐደለበት፣ ቅቤና ማር የተገኘበት፣ እጅም ከሥራ ያረፈበት ጊዜ በዓመት አንድ ብቻ ነው። የመፀው ጥየቃ በእነዚህ ሦስት ነገሮች መገጣጠም ላይ የቆመ ነው።

እንግዳው ባዶ እጁን አይመጣም። ከደጋው የሚመጣው ቅቤና ገብስ፣ ከወይና ደጋው የሚመጣው ማርና ጤፍ ይዞ ይነሣል። ባለቤቱ ደጁን ይጠርጋል፤ ቤቱን በለመለመ ሣር ይጐዘጕዛል፤ ለደከመው መንገደኛ እግሩን ያስጥባል። ምግቡም የወራቱ ምግብ ነው። ጩምቦ የሚባለው ወፍራም ቂጣ በቅመም በነጠረ ቅቤና በአይብ ይቀርባል፤ ገንፎ ይሠራል፤ ቡና በቅቤ ተጠብሶ ይቀመሳል፤ ጠላና ጠጅ ይቀዳል። ሽማግሌው ቆሞ ይመርቃል፤ የተቀመጠውም «ይሁን፣ ይሁን» እያለ ይቀበላል። ይህ ሁሉ ለማየት ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን ከደስታው የሚቀድም ሌላ ግዴታ አለ።

ከግዴታዎቹ የመጀመሪያው ልቅሶ ነው። በክረምት የሞተን ሰው በቀብሩ ቀን ሊደርሱለት ያልቻሉ ዘመዶች ወንዙ ሲጐድል መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ሐዘን ቤት ነው። ከሞተ ሁለት ወር ያለፈው ሰው እንደ ዛሬ ሞት ይለቀስለታል። ለሰርግ ወይም ለክርስትና ከመሄድ በፊት ልቅሶ አለመድረስ ከባድ ቅያሜ ያመጣል፤ የዝምድና መቍረጥም ምክንያት ይሆናል። ሁለተኛው ዕርቅ ነው። ወደ መስቀል ደመራም ሆነ ወደ እሬቻ ውሃ ቂም ይዞ መሄድ የተጠላ ነውና ሽማግሎች የተጣሉትን ከበዓሉ በፊት ለማስማማት ይደክማሉ። ሦስተኛው የሒሳብ ነገር ነው። በክረምት የተበደረ እህል፣ ለርቢ የተሰጠች ላም፣ የጋብቻ ውል፣ የመሬት ወሰን ሁሉ ዘመድ በተሰበሰበበት ይነገራል፤ ጥሪው የሚደረገው ለቡና ቢሆንም ጉባኤው የሽማግሌ ሸንጎ ይሆናል። በ1967 እ.ኤ.አ. ስለ ሜጫ ኦሮሞ የቃሉ ሥርዓት ሰፊ ጥናት ያሳተመው ስዊድናዊ ካርል ኤሪክ ክኑትሶን የቃሉ ቤት የእምነት ስፍራ ብቻ ሳይሆን ሕዝብ ክርክሩን ይዞ የሚሰበሰብበት መሆኑን አሳይቷል። በየቤቱ የሚደረገው የመፀው ስብሰባም በአነስተኛ መጠን ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ዓመት ጥየቃው ቢቀር የሚጐድለው ግብዣው ብቻ አይደለም፤ ያልተለቀሰ ሞት፣ ያልታረቀ ጠብ፣ ያልተቈረጠ ነገር ወደሚመጣው ዓመት ይተላለፋል።

የበዓላቱም ተራ ይህን ሥርዓት ይረዳል። በመስከረም 16 ማታ በክርስቲያኑ መንደር ችቦ ይበራል፤ በምዕራቡ ኦሮሞ አገርም ይኸው የእሳት ማታ ጉባ ይባላል። በማግሥቱ መስቀል ነው፤ ፈረሰኞችም ጉግስ ይጫወታሉ። ከዚያ እሬቻ ይከተላል። ከመስከረም 26 ጀምሮ ዘመነ ጽጌ ይገባል፤ ይህም እመቤታችን ልጅዋን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት መታሰቢያ ነው። የጽጌ ማኅበርተኞች በየሳምንቱ በተራ ይገባበዛሉ። ኅዳር 6 ቁስቋም ነው፤ የስደቱ መታሰቢያ በዚህ ይፈጸማል። ኅዳር 21 ደግሞ በአዲስ ዓለም ማርያም ጽዮን ብዙ ሕዝብ ይሰበሰባል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስደትና መመለስ የሚታሰብበት ወራት፣ በባላገሩ ኑሮ ዘመድ ወደ ዘመዱ የሚመለስበት ወራት ሆኖ ተገጣጥሟል።

፬. በግዴታ የሚደረግ ጥየቃ

ስለ ድሮው ጥየቃ ሲነገር መልካሙን ብቻ ማንሣት ታሪክን ማጕደል ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በሸዋ ምዕራብ ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ነበር። ከምርቱ እኩል፣ ሲሶ ወይም እርቦ ለባለ መሬቱ ከመክፈሉ ሌላ በበዓል ቀን መተያያ ይዞ መሄድ ነበረበት። ይኸውም በግ፣ ማር፣ ቅቤ ወይም ዶሮ ነው። ልጅዋ ለእናቷ የምታስቀምጠው ቅቤና ጭሰኛው ለባለ መሬቱ የሚያመጣው ቅቤ የተናጠው ከአንዲት ላም ወተት ነበር። በደጅ የሚያስጠብቀው ቤት በምርቃት ከሚቀበለው ቤት አስቀድሞ ይጐበኝ ነበር፤ ለእርሱ ሳያደርሱ ወደ ዘመድ መሄድ አደጋ ነበረውና። መተያያ የሚለው ቃል ራሱ ከመተያየት የወጣ ነው፤ ነገር ግን የሚያየው ጭሰኛው ብቻ ነበር፤ ባለ መሬቱ የጭሰኛውን ቤት በዚያው ልክ አልጐበኘም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር ይህም መተያያ አብሮ ቀረ። ስለ አዋጁ የተጻፈው አብዛኛው ስለ ማሳና ስለ ምርት ነው። በቤተሰብ ታሪክ በኩል ሲታይ ግን ሌላ ውጤት አለው፤ የመጀመሪያው የመስከረም ቅቤ ወደ ዘመድ ቤት ለመሄድ ነጻ ሆነ። የጥየቃው ልማድ በጭሰኛው ቤት ከዚያ በፊት በሙሉ ኀይሉ ይደረግ ነበር ብሎ መገመት ስለዚህ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

፭. መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ከተማ

በዚህ አገር በር ላይ የመጀመሪያው የመኪና መንገድ የተሠራው ለዘመድ ጥየቃ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የአዲስ አበባ ደን በማለቁ አዲስ ዓለምን አዲስ ዋና ከተማ ለማድረግ አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ፤ ወደዚያም መንገድ ተሠራ። ባሕር ዛፍ የማገዶውን ችግር ሲያቃልል ሐሳቡ ቀረ፤ የተጀመረውም ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። መንገዱ ግን ቀረ፤ የመናገሻው መሄጃ የታሰበው የኅዳር ጽዮን ተሳላሚ መሄጃ ሆነ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አገሩን በያዘበት ጊዜ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ለሠራዊት ማመላለሻ ተሠራ። ለጦር መኪና የተከፈተው መንገድ ለባላገሩ የተዘጋ ነበር። በጊንጪ አጠገብ ዩብዶ በሚባል ስፍራ የተወለዱት ጃጋማ ኬሎ በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው ጫካ ገብተው አርበኛ ሆነው የታገሉት በዚሁ አገር ነው። በዚያ ዘመን ከአርበኛ ቤተሰብ ጋር መጠያየቅ እንደ ወንጀል የሚቈጠር ነበረና የጥየቃው መንገድ በደን ውስጥ ነበር። ከነጻነት በኋላ፣ በተለይም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ መንገዱ እየተሻሻለ አውቶቡስ መመላለስ ጀመረ። ድልድይ በተሠራበት ሁሉ የመልካ ሥራ ቀለለ፤ ክረምትም ከዘመድ የሚለይ ወራት መሆኑ በዋናው መንገድ ዳር ቀረ።

በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች ተለወጡ። የመጀመሪያው የጥየቃው አቅጣጫ ነው። ቀድሞ ጥየቃው ከማዶ ወደ ማዶ ነበር፤ ባለ ሁለት ዳር ነበርና በዚህ ዓመት የመጣ በሚመጣው ዓመት ይሄድበታል። ልጆች ለትምህርትና ለሥራ ወደ አምቦና ወደ አዲስ አበባ ከሄዱ በኋላ ግን ከከተማ ወደ ገጠር ሆነ። ከተሜው በመስቀል ወደ መንደሩ ይሄዳል፤ የመንደሩ ሰው ግን በከተማው ቤት የሚያድርበት ስፍራ እንደዚያው የሰፋ አይደለም። የትምህርት ዘመን በመስከረም መከፈቱም ነገሩን አጥብቆታል፤ ወጣቱ ለጥየቃ ቅቤ የሚሸከምበት ወር ደብተር የሚይዝበት ወር ሆነ። ስለዚህም ሁለት ወር የነበረው ጥየቃ በመስቀል ሰሞንና በእሑድ ቀናት ተጨመቀ። በዚህ ረገድ የጉራጌ ሕዝብ ታሪክ ለንጽጽር ይጠቅማል። ጉራጌዎች በአዲስ አበባ እየሠሩ ለመስቀል ወደ አገራቸው የመመለስ ልማዳቸው በመላው ኢትዮጵያ የታወቀ ነው፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የከተማው ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው የአገራቸውን መንገድ የሚያሠራ ድርጅት አቋቋሙ። በዚያ ዘንድ የመመለሻውን መንገድ የሠሩት ተመላሾቹ ራሳቸው ናቸው።

ሁለተኛው ለውጥ ሽርሽር የሚባለው አዲስ ነገር መምጣቱ ነው። የአምቦ የማዕድን ውሃ በ1922 ዓ.ም. ገደማ በጠርሙስ መሸጥ ጀመረ፤ ምንጩና የመዋኛ ገንዳው ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጡ ሰዎች የሰንበት መዝናኛ ሆኑ። ከጥንት ጀምሮ ሕዝቡ ለፈውስ ይመጣበት የነበረው ውሃ የዕረፍት ቦታም ሆነ። የጉደር ፏፏቴና የወንጪ ሐይቅም እንዲሁ የጐብኚ መድረሻ ሆነዋል። ወንጪ በደሴቱ ላይ ያለው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተሳላሚዎች በታንኳ የሚሻገሩበት ነበር፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመረጠ፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም የማረፊያ ስፍራ ተሠራበት። ሽርሽርና ጥየቃ ዛሬ በአንድ ቀን በአንድ መኪና ይደረጋሉ፤ ሕጋቸው ግን የተለያየ ነው። ሽርሽር የሄደ ሰው ዋጋ ከፍሎ ይመለሳል፤ ማንም እንዲመልስለት አይጠብቅም። የጠየቀ ሰው ግን ሊጠየቅ ይገባዋል። ቀኑ ሲያጥር የሚቀረው ብዙ ጊዜ ጥየቃው ሲሆን ፎቶግራፉ አይቀርም።

፮. መንገዱ እንደ ገና ሲዘጋ

በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሸዋ በተካሄደው የመንደር ምሥረታ ብዙ ቤቶች ከቆዩበት ስፍራ ተነሥተው በአንድነት እንዲሠሩ ተደረገ። ጠያቂው የሚያውቀው የዋርካ ጥላና የአጥር በር ቦታውን ለቀቀ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ብዙዎች ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመለሱ። የእሬቻ በዓልም በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ እየሰፋ ሄደ፤ ከሸዋ ምዕራብም ብዙ ሕዝብ ይሄድበት ጀመር። የመስቀል በዓል በ2013 እ.ኤ.አ.፣ የገዳ ሥርዓትም በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆነው ተመዘገቡ።

በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ የተጀመረው ተቃውሞ በመላው ኦሮሚያ ተስፋፋ። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ በእሬቻ በዓል ላይ በተነሣው ሁከትና መረጋገጥ ብዙ ሰዎች ሞቱ፤ ወዲያውም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የዚያ ዓመት መፀው በብዙ ቤት የልቅሶ መድረሻ ብቻ ሆነ። መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. እሬቻ ከረጅም ዘመን በኋላ በአዲስ አበባ ተከበረ። ነገር ግን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ኀይሎችና በታጣቂዎች መካከል በምዕራብ ሸዋ በተደረገው ግጭት መንገዶች በየጊዜው ተዘግተዋል፤ ተጓዦችም ታግተዋል፣ ተገድለዋል። ከዋናው አስፋልት ርቀው ያሉ እንደ ሸነን ያሉ ወረዳዎች ችግሩን በይበልጥ ቀምሰውታል።

በዚህ ጊዜ የታየው ነገር ለባህል ጥናት ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ድልድዩ ቆሟል፤ ወንዙ ጐድሏል፤ ሰማዩ ብራ ነው፤ ነገር ግን ሰው አይሻገርም። ክረምት የማይወጣበት ጊዜ መጣ ማለት ነው። ወንዝ የሚጐድልበት ቀን ይታወቃልና የድሮው ሰው እስከ መስከረም ድረስ ታግሦ ይጠብቅ ነበር፤ የዚህኛው መዘጋት ግን ቀን የለውም። ስለዚህ ሰዎች በየአቅማቸው ሌላ መልካ ፈለጉ። አሮጊት እናት በስልክ ትመርቃለች፤ በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቴሌብር ለበግ መግዣ ገንዘብ ይላካል፤ መንደሩ የማይደረስ ሲሆን ዘመዶች በአምቦ ወይም በአዲስ አበባ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። በውጭ አገር ያሉትም፣ ለምሳሌ በአሜሪካ በሚኒሶታ የሚኖሩት ኦሮሞዎች፣ በየዓመቱ እሬቻን በዚያ አገር ውሃ ዳር ያከብራሉ።

እነዚህ ሁሉ ጥየቃውን በከፊል ይተኩታል። ምርቃት በስልክ ይደርሳል፤ ገንዘብም ይደርሳል። ልቅሶና ዕርቅ ግን በስልክ አይፈጸሙም። ሐዘንተኛው የደረሰለትን ሰው በዓይኑ ማየት ይፈልጋል፤ የተጣሉትም በአንድ ሣር ላይ ካልተቀመጡ ሽማግሌው ነገራቸውን አይቈርጥም። በ3ኛው ክፍል እንደ ታየው የመፀው ጥየቃ ዋና ሥራ ይኸው ነበርና፣ መንገዱ በተዘጋባቸው ዓመታት የተጠራቀመው ያልተለቀሰ ሞትና ያልታረቀ ጠብ መንገዱ ሲከፈት የሚጠብቅ ብድር ነው።

ከዚህ የሚገኘው ማጠቃለያ አጭር ነው። የጅባትና ሜጫ የመፀው ጥየቃ ከወንዝ ሙላትና ከጎሳ ውጭ ከሚደረግ ጋብቻ የተወለደ፣ ቅቤና ማር ያሳደገው፣ በዓላት ያከበሩት ሥርዓት ነው። የባለ መሬት ጫና ሲያጐድለው ኖሯል፤ መኪናና ትምህርት ቤት አሳጥረውታል፤ ግጭት አቋርጦታል፤ ነገር ግን አላጠፋውም። ስለ በዓላቱ አለባበስና ዘፈን የሚሰበሰበው መረጃ መልካም ነው፤ ከዚያ ይልቅ ግን በየቤቱ ማን ማንን እንደ ጠየቀ፣ በየትኛው መልካ እንደ ተሻገረ፣ ምን ይዞ እንደ ሄደ፣ በየትኛው ዓመት ሳይሄድ እንደ ቀረና ለምን እንደ ቀረ ከአረጋውያን፣ በተለይም ወዲያ ማዶ ካገቡ እናቶች፣ ጠይቆ መጻፍ ይገባል። ይህ መዝገብ ካልተያዘ፣ ልጆቹ በመስከረም ወር ወደ መንደር የሚሄዱበትን መንገድ ያውቁታል፤ የሚሄዱበትን ምክንያት ግን አያውቁትም።